«ጥንቸልና ኤሊ»ን ከመግዛትዎ በፊት፦ እትሞቹን እንዴት ማወዳደር እንደሚቻል

የእሽቅድምድም የሰሌዳ ጨዋታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዳይስ ተወርውሮ በወጣው ቁጥር ልክ ጠጠር የሚገፋበትን ጨዋታ ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ፓርሌት የፈለሰፈው «ጥንቸልና ኤሊ» ግን ይህን ልማድ ከሥሩ የለወጠ ነው፤ ስንት ቤት እንደሚሄድ የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ሲሆን ለሄደበት ርቀትም በካሮት ይከፍላል። ጨዋታው በ1970ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ኢንተለክት ጌምስ በተባለ የብሪታንያ አሳታሚ ለገበያ ቀረበ፤ በ1978 ራቨንስቡርገር በጀርመን አሳተመው፤ በ1979 ደግሞ «ሽፒል ደስ ያረስ» የተባለው የጀርመን የዓመቱ ጨዋታ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ አሸናፊ የሆነው ይኸው ጨዋታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብሪታንያ ጊብሰንስ፣ በ2000 ገደማ ደግሞ በጀርመን አባኩስ፣ በአሜሪካ ሪዮ ግራንዴ የየራሳቸውን እትም አውጥተዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ዛሬ ጨዋታውን የሚፈልግ ሰው በሥዕልም፣ በዕቃም፣ አንዳንድ ጊዜም በደንብ የሚለያዩ ሣጥኖች ይገጥሙታል። በእኔ እምነት ትክክለኛው ማወዳደሪያ የሽፋኑ ውበት ሳይሆን ሦስት ነገር ነው፤ እነርሱም የእርምጃው ዋጋ የተጻፈበት ሰንጠረዥ፣ የጥንቸል ምልክት ያለባቸው ቤቶች አሠራር እና የመድረሻው ደንብ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን በእጅዎ ያለው ሣጥን በእርግጥ የፓርሌት ጨዋታ መሆኑን ያረጋግጡ። በጀርመንኛ እትሞች ላይ ኤሊዋ የለችም፤ በእርሷ ቦታ ጃርት ተስላለች፤ ምክንያቱም የግሪም ወንድሞች ከ1843 ጀምሮ በስብስባቸው ያካተቱት የጀርመኖች ተረት ጥንቸልን የሚያወዳድረው ከጃርት ጋር ነው። በዚያ ተረት ጃርቱ የሚያሸንፈው በትዕግሥት ሳይሆን እርሱን የምትመስለውን ሚስቱን በእርሻው ትልም ሌላኛ ጫፍ በማቆም ነው። የሥዕሉ መለወጥ ጨዋታውን አይለውጠውም፤ የጃርት ቤት የኤሊ ቤትን ሥራ ይሠራል። በተቃራኒው ደግሞ ጋሪ ኪም የተባለ ሌላ ፈልሳፊ የሠራው፣ በመጽሐፍ ቅርጽ በተሠራ ሣጥን የሚሸጥ እና በእንስሳት ሩጫ ላይ ውርርድ የሚካሄድበት የካርድ ጨዋታ ተመሳሳይ ስም ይዟል። እርሱም በራሱ ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን የፓርሌት ጨዋታ እትም አይደለም። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይተው አይዘዙ፤ በሽፋኑ ወይም በደንቡ ወረቀት ላይ የፈልሳፊውን ስም ይፈልጉ፤ ፎቶግራፍ ብቻ ካለዎትም በሣጥኑ ውስጥ የካሮትና የሰላጣ ካርዶች መኖራቸውን ይመልከቱ።

ወደ ጨዋታው ልብ ስንገባ መጀመሪያ የምናገኘው የዋጋውን ሰንጠረዥ ነው። አንድ ቤት መሄድ አንድ ካሮት፣ ሁለት ቤት ሦስት ካሮት፣ ሦስት ቤት ስድስት ካሮት፣ አራት ቤት ዐሥር ካሮት ያስከፍላል፤ ዐሥር ቤት 55፣ ሃያ ቤት ደግሞ 210 ይደርሳል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ መሄድ የሚፈልጉትን የቤት ብዛት በሚቀጥለው ቁጥር አባዝተው ለሁለት ያካፍላሉ። የጨዋታው ብልሃት ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነው። በእጅዎ 65 ካሮት አለ እንበል። በአንድ ተራ ዐሥር ቤት ቢዘሉ 55 ከፍለው በሚቀርዎት ዐሥር ካሮት በሚቀጥለው ተራ አራት ቤት ብቻ ይሄዳሉ፤ በሁለት ተራ ዐሥራ አራት ቤት ሄደው ባዶ እጅዎን ይቀራሉ። በየተራው አምስት አምስት ቤት ቢሄዱ ግን በአራት ተራ ሃያ ቤት ሄደው አምስት ካሮት ይተርፍዎታል። ችኮላ ዋጋ እንዳለው በቁጥር የሚያሳይ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ደንብ በሌሎች የእሽቅድምድም ጨዋታዎች ውስጥ እምብዛም አላገኘሁም።

እትሞችን ሲያወዳድሩ ታዲያ ይህ ሰንጠረዥ የት እንደታተመ እና በስንት ቅጂ እንደቀረበ ማየት ይገባል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ ሰንጠረዥ ያለው እትም ጨዋታውን በግልጽ ያፋጥናል፤ ተጫዋቹ የሌሎቹን ተራ በሚጠብቅበት ጊዜ የራሱን ሒሳብ ይሠራልና። ሰንጠረዡ በሰሌዳው ላይ ወይም በደንቡ ወረቀት ላይ ብቻ ከሆነ ስድስት ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ይጎነበሳል። የፊደሉ መጠን፣ የቀለሙ ንጽረት፣ የቁጥሮቹም አሰላለፍ እዚህ ላይ ከሥዕሉ ይበልጥ ይጠቅማሉ። በአሮጌ ቅጂ ላይ ሰንጠረዡ ከጠፋ ግን አይዘኑ፤ ከላይ በተገለጸው ስሌት በግማሽ ሰዓት ውስጥ በእጅ ጽፎ መተካት ይቻላል፤ ስለዚህ የሰንጠረዡ መጉደል ብቻውን ሣጥኑን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ካሮት የሚገኝበትን መንገድ ደግሞ በደንቡ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ ያንብቡ። ወደ ኋላ መመለስ የሚቻለው በስተኋላ ወደሚገኘው ቅርብ የኤሊ (ወይም የጃርት) ቤት ብቻ ሲሆን ለተመለሱበት ለእያንዳንዱ ቤት ዐሥር ካሮት ይቀበላሉ። ስድስት ቤት የተመለሰ ሰው 60 ካሮት ያገኛል፤ የተመለሰውን ስድስት ቤት እንደገና ለመሄድ የሚከፍለው 21 ብቻ ስለሆነ 39 ካሮት አትርፏል። ትርፉ የሚያልቀው ዐሥራ ዘጠኝ ቤት ሲመለሱ ነው፤ በዚያ ርቀት የሚቀበሉትም በአንድ ዝላይ ለመመለስ የሚከፍሉትም እኩል 190 ነውና። ከዚህ የምንረዳው በኤሊ ቤቶቹ መካከል ያለው ርቀት የጨዋታውን ገቢ የሚወስን መሆኑን ነው። ሁለት እትሞች በእጅዎ ካሉ ሰሌዳዎቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ከመነሻ እስከ መድረሻ የቤቶቹን ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ የኤሊ፣ የካሮት፣ የሰላጣ፣ የጥንቸልና የቁጥር ቤቶች በየትኛው ተራ ላይ እንዳሉ በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ዐሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ስለ እትሞቹ ዝምድናም ከማንኛውም የሽያጭ መግለጫ የበለጠ ይነግርዎታል።

እትሞች ከሁሉ ይልቅ የሚለያዩት በጥንቸል ቤቶች አሠራር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሊወስዱበት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጨዋታ ዕድል የሚገባበት ብቸኛው በር የጥንቸል ቤት ነው፤ የቀረው ሁሉ በተጫዋቹ ሒሳብና በተፎካካሪዎቹ አቋም ይወሰናል። በአንዳንድ እትሞች በጥንቸል ቤት ያረፈ ሰው ዳይስ ይወረውርና የወጣለትን ውጤት ከሰንጠረዥ ያነባል፤ በሌሎች እትሞች ደግሞ ከተደራረቡ ካርዶች አንዱን ይስባል። ውጤቶቹ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ለምሳሌ ከፊት ካለው ተወዳዳሪ ቀድሞ መቆም፣ ከኋላ ካለው በስተኋላ መውረድ፣ ለመጨረሻው እርምጃ የተከፈለውን ካሮት መልሶ ማግኘት ከተለመዱት መካከል ናቸው። ይሁን እንጂ ዳይስና ካርድ አንድ አይደሉም። የዳይስ ውርወራ ያለፈውን አያስታውስም፤ ሁልጊዜም ስድስቱ ዕድሎች እኩል ናቸው። ካርድ ግን የተሳበው ወደ ክምሩ ሳይመለስ የሚቆይ ከሆነ ማስታወስ ለሚችል ተጫዋች መረጃ ይሰጣል፤ መጥፎዎቹ ካርዶች መውጣታቸውን የተከታተለ ሰው በጥንቸል ቤት ላይ በድፍረት ያርፋል።

ስለዚህ በካርድ የሚሠራ እትም ሲያገኙ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ካርዶቹ ስንት ናቸው፤ ከተሳቡ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ፤ መልሰው የሚበወዙትስ መቼ ነው? ካርዶቹ ጽሑፍ ያለባቸው ከሆኑ ቋንቋቸውንም ይመልከቱ። ሰሌዳው በአብዛኛው በሥዕል የሚነበብ በመሆኑ የማይችሉት ቋንቋ ብዙም አያስቸግርዎትም፤ በማይነበብ ካርድ ግን ጨዋታው በየመሃሉ ይቆማል። የካርዶቹን ትርጉም በአንድ ገጽ ጽፎ ከሰሌዳው አጠገብ ማስቀመጥ ችግሩን ያቃልለዋል። የእኔ ምርጫ፣ ተጫዋቾቹ ሒሳቡን የሚወዱ ከሆነ፣ በዳይስ የሚሠራው ነው፤ ዕድሉ አጭርና ግልጽ ሆኖ ቶሎ ያልፋልና። ልጆች ባሉበት ጠረጴዛ ግን ካርዱ የበለጠ ደስታ ይሰጣል፤ ልጆች ካርድ ገልብጠው ማየት ይወዳሉ፤ ውጤቱንም ከሰንጠረዥ ከማንበብ ይልቅ ከካርዱ ላይ መረዳት ይቀላቸዋል።

የመድረሻው ደንብ የጨዋታው ውበት የተከማቸበት ሆኖ ሳለ በችኮላ የሚያነቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘልሉታል። አንድ ተጫዋች መድረሻ የሚገባው በመነሻው የተሰጡትን ሰላጣዎች ሁሉ በልቶ፣ ማለትም የሰላጣ ካርዶቹን በሰላጣ ቤቶች ላይ እያረፈ አስረክቦ፣ ከጨረሰ ብቻ ነው፤ ከዚህም በላይ መጀመሪያ የሚገባው ከዐሥር ካሮት በላይ፣ ሁለተኛ የሚገባው ከሃያ በላይ ይዞ መግባት አይችልም፤ ለቀጣዮቹም በዚሁ መጠን ይጨምራል። ለምሳሌ መድረሻው ስድስት ቤት ቀርቶት 25 ካሮት የያዘ ሰው 21 ከፍሎ በአራት ካሮት አንደኛ ሊወጣ ይችላል፤ በዚያው ቦታ 50 የያዘ ሰው ግን 29 ስለሚተርፈው በቀጥታ መግባት አይችልም። ይህ ሰው በካሮት ቤት ተቀምጦ በየተራው ዐሥር ዐሥር እየከፈለ ማራገፍ ይኖርበት ይሆናል፤ በዚያ መሃል ወደ ኋላ የቀረው ይቀድመዋል። የሚያወዳድሩት እትም ይህን ደንብ በግልጽና በምሳሌ የሚያስረዳ መሆኑን ይመልከቱ፤ ደንቡን ለማቅለል ሲባል የካሮቱ ገደብ ወይም የሰላጣው ግዴታ ከላላ የቀረው ጨዋታ እጅግ የደኸየ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቅጂ አልመክርም።

የተጫዋቾች ቁጥር ሌላው መመልከቻ ነው። ጨዋታው ከሁለት እስከ ስድስት ሰው ይይዛል፤ ቁጥሩ አምስትና ስድስት ሲሆን የመነሻው ካሮት ከፍ ይላል። በአንድ ቤት ላይ ከአንድ ጠጠር በላይ መቆም ስለማይፈቀድ በስድስት ሰው ሲጫወቱ የሰላጣ ቤቶቹ ይጣበባሉ፤ ያሰቡበት ቤት ተይዞ ሲያገኙት እቅድዎ ሁሉ ይፈርሳል። በሁለት ሰው ለመጫወት ካሰቡ ደግሞ የደንቡ ወረቀት ለሁለት ሰው የተለየ አንቀጽ እንዳለው ይፈትሹ።

ያገለገለ ቅጂ የሚገዛ ሰው በሣጥኑ ላይ የታተመውን ዓመት እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ሊቆጥረው አይገባም፤ ያ ዓመት ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው መብቱ የተመዘገበበትን እንጂ ቅጂው የታተመበትን አይደለም። የሽልማቱ ምልክት መኖርም ቅጂው የ1979 መሆኑን አያረጋግጥም፤ ምልክቱ ከዚያ በኋላ በወጡ ቅጂዎች ላይም ሊታተም ይችላልና። ይልቅስ የአሳታሚውን ስም፣ የጥንቸል ቤቶቹን አሠራር እና የሰሌዳውን ሥዕል አንድ ላይ በማየት ይለዩ። ሻጩ ሰሌዳውን ዘርግቶ፣ ካርዶቹንም በየዓይነታቸው ደርድሮ ፎቶ እንዲያነሳልዎ ይጠይቁ። የሰላጣ ካርዶች በተጫዋቾቹ ልክ መሟላታቸውን ይቁጠሩ። ካሮቶቹ በተለያየ መጠን የታተሙ ካርዶች በመሆናቸው በተለይ አነስተኛዎቹ፣ ማለትም የአንድና የአምስት ካሮት ካርዶች፣ እንዳልጎደሉ ይመልከቱ፤ መልስ ለመስጠት የሚያገለግሉት እነርሱ ናቸው፤ ካነሱ ጨዋታው በየተራው በምንዛሪ ይደናቀፋል።

ሰብሳቢ ከሆኑ የብሪታንያው የመጀመሪያ እትምና የ1978ቱ የራቨንስቡርገር ቅጂ ጎን ለጎን ሊኖሩዎት ይገባል፤ አንዱ የፈልሳፊውን የመጀመሪያ ሐሳብ፣ ሌላው ጨዋታውን በዓለም ያስተዋወቀውን መልክ ይይዛሉ። ለመጫወት ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ ግን በሚችሉት ቋንቋ የተጻፈ ደንብ ያለውን፣ ሰንጠረዡ ለየተጫዋቹ የቀረበበትንና ዕቃው ያልጎደለውን ይምረጡ፤ እድሜው ግድ አይስጥዎ። ቅጂው እንደደረሰዎት ካሮቶቹን ቆጥረው በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ ይጻፉት፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የጎደለውን ወዲያው ለማወቅ ያስችልዎታል።