ለሳንባ ምች በተነሱት ራጅ ላይ ሌላ ነገር ሲታይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሳልና በትኩሳት ምክንያት የታዘዘ የደረት ራጅ ወይም ሲቲ ስካን አንዳንዴ ያልታሰበ ነገር ያሳያል። አብዛኛው ትንሽ እብጠት ካንሰር አይደለም። ካንሰር ከሆነ ግን በቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድል ያለው እንዲህ በአጋጣሚ፣ ገና ሳይሰራጭ ሲገኝ ነው።

ሳሉ ስለለቀቀ ጉዳዩን መዝጋት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ዕጢ የአየር ቧንቧን ሲዘጋ ከበስተጀርባው ያለው የሳንባ ክፍል አክታው መውጫ ያጣና ይመረቅዛል። አንቲባዮቲኩ የሳንባ ምቹን ያጠፋዋል፣ ትኩሳቱም ይበርዳል፤ ዕጢው ግን እዚያው አለ። ስለዚህ ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢሻለውም እንኳ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ራጁን ይድገም። በ10ኛው ቀን መድገም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ምቹ ራጁ ላይ የሚተወው ጥላ የሚጠፋው ሰውየው ከዳነ ቆየት ብሎ ነው። የሳንባ ምች ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ከመታ ደግሞ ሲቲ ያስፈልጋል።

«የድሮ ቲቢ ጠባሳ ነው» ብሎ ማለፍ። ቲቢ በበዛበት አገር ግምቱ አይገርምም፤ ግን ጠባሳ አያድግም። የቀድሞውን ፊልም ወይም ሲዲ ይዘው ሄደው ያስተያዩ። በአክታ ምርመራ ሳይረጋገጥ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ጥላው እያደር ከሰፋ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ወይም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ከቦታው የሥጋ ናሙና መወሰድ አለበት። ፔት ስካን (ስኳር በብዛት የሚጠቀሙ ሕዋሳትን አድምቆ የሚያሳይ ምርመራ) እዚህ ላይ ብቻውን አይፈርድም፤ ቲቢም እንደ ካንሰር ደምቆ ይታይበታል።

የሪፖርቱን ማጠቃለያ ብቻ ማንበብ። ማጠቃለያው ስለ ኢንፌክሽኑ ያወራና «ኖጁል» (ትንሽ ክብ እብጠት) የምትለው ቃል መሃል ላይ ተቀብራ ትቀራለች። ፈልጓት፣ ሚሊ ሜትሯንም ጻፉ። ዕድሜው 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ካንሰር ለሌለበትና የሰውነቱ መከላከያ ላልተዳከመ ሰው፣ አንድ ጠጣር ኖጁል ከ6 ሚሊ ሜትር ካነሰና እንደ ሲጋራ ማጨስ ያለ ለካንሰር አጋላጭ ነገር ከሌለ ክትትል አይፈልግም፤ ከ6 እስከ 8 ከሆነ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሲቲ ይደገማል፤ ከ8 በላይ ከሆነ በ3 ወር ሲቲ፣ ፔት ወይም ናሙና ይታሰባል። እንደ ጭጋግ የሳሳው ዓይነት ቀስ ብሎ ስለሚያድግ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትሉ እስከ 5 ዓመት ይዘልቃል።

ራጁ ንጹሕ ነው ብሎ መተማመን። ከልብ ጀርባና ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት (ክላቪክል) ጀርባ ያለ ዕጢ በራጅ ላይ በቀላሉ ያመልጣል። ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ ሲቲ ይጠይቁ።