ቅቤ የነካው የቆዳ ቦርሳዬ እንዴት ዳነ

እናቴ ከደብረ ብርሃን ቅቤ ልካልኝ ከመናኸሪያ ተቀብዬ ስመጣ፣ ላስቲኩ ተቀዶ ኖሮ ቡናማው የቆዳ ቦርሳዬ ላይ ፈሰሰ። አሥር ዓመት የያዝኩት ቦርሳ ነው፤ በጣም ደነገጥኩ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ነበር። በውሃና በሳሙና ፈተግኩት። ሲደርቅ ቅቤው እንዳለ ሆኖ ዙሪያውን የውሃ ምልክት ጨመረበት። ቆዳ ላይ ቅባት ሲፈስ ማሸት አያስፈልግም፤ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

መፍትሔው የሕፃናት ፓውደር ሆነ። የበቆሎ ስታርችም ይሆናል፤ ሁለቱም ቅባት ይመጥጣሉ። ቦታው ላይ ወፈር አድርጌ ነሰነስኩና አሳደርኩት። ጠዋት በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብዬ አራገፍኩ። ፓውደሩ ቢጫ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ! ሦስት ሌሊት ደገምኩት፣ በየጊዜው በአዲስ ፓውደር።

ለውሃው ምልክት ያንን ጎን በሙሉ በእርጥብ ጨርቅ እኩል አብሼ ጥላ ውስጥ አደረቅኩት። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ቀለም የሌለው የጫማ ክሬም በስሱ ቀባሁት፤ መጀመሪያ ግን ከታች በኩል ሞክሬ ነው። ቦርሳችሁ ስዌድ (ፊቱ እንደ ከፋይ ለስላሳ ጭረት ያለው ቆዳ) ከሆነ ክሬሙን ተዉት።

አሁን ጥላ የመሰለች ትንሽ ምልክት ብቻ ቀርታለች።