በማትኖሩበት አገር የባንክ ሒሳብ ስትከፍቱ፦ ማመልከቻው የሚወድቅበት ቦታና መፍትሄው

ፓስፖርታችሁ ጊዜው አላለፈም፣ ባንኩ ነዋሪ ያልሆነ ደንበኛ እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቃችኋል፣ ፎርሙንም ሞልታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ሰው የሚደክመው ከዚያ በኋላ ነው። ለዘመድ፣ ለጓደኛ፣ ለጓደኛ ጓደኛ ስል ይህን ማመልከቻ ደጋግሜ አዘጋጅቻለሁ፤ ተመልሶ የመጣውንም ደጋግሜ አስተካክያለሁ። ካየሁት ውድቀት አብዛኛው በዜግነት ወይም በገንዘብ ማነስ የመጣ አይደለም። ወረቀቶቹ እርስ በርስ ስለማይስማሙ ነው። ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው እናንተን አያውቃችሁም፤ ፊቱ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። አንዱ ወረቀት አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር ካለው ደውሎ አይጠይቃችሁም፣ ይመልሰዋል።

ሠራተኛው ስለከፋባችሁም አይደለም። ሕገወጥ ገንዘብን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው ኤፍኤቲኤፍ የተባለው ዓለም አቀፍ አካል፣ ባንኮች የደንበኛውን ማንነት በታማኝና በገለልተኛ ሰነድ እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። ከፍ ያለ ስጋት ሊኖራቸው ይችላል ብሎ በምሳሌነት ከዘረዘራቸው መካከልም ነዋሪ ያልሆነ ደንበኛ አለበት። ለነዋሪ በአንድ መታወቂያ የሚያልቀው ጉዳይ ለእናንተ አራትና አምስት ወረቀት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ምልክት፦ «ስምዎ ከሰነድዎ ጋር አይመሳሰልም»

ምክንያት፦ ስማችሁን እንደለመዳችሁት ጽፋችሁታል። ማሽኑ ግን የሚያነበው ከፓስፖርቱ ፎቶ በታች፣ በገጹ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ነው። እያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ አለው፤ በላይኛው ላይ ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ የቤተሰብ ስም፣ ከዚያ ሁለት የማዕዘን ምልክት (<<)፣ ከዚያ የራስ ስም ይመጣል።

መፍትሄ፦ ፓስፖርቱን ገልጣችሁ፣ የትኛው ስም የትኛው ቦታ ላይ እንደገባ ከዚያ መስመር እያያችሁ ሙሉ። ስሙ ረጅም ሆኖ እዚያ ከተቆረጠ፣ ከፎቶው ጎን ያለውን ሙሉውን ጻፉ። በላቲን ፊደል የማይጻፍ ቋንቋ ያለው ሰው ስሙ በዲፕሎማው ላይ በአንድ መንገድ፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ መንገድ ተጽፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። የሚያሸንፈው ፓስፖርቱ ነው። ሌሎቹን ሰነዶች ወደ እሱ አምጧቸው፤ እሱን ወደ እነሱ አትውሰዱት።

ምልክት፦ «የአድራሻ ማስረጃዎ ተቀባይነት አላገኘም»

የተመለሰ ማመልከቻ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚህ ነው። መልእክቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ምክንያቱ ግን ብዙ ስለሆነ ሰው አንዱን አስተካክሎ በሌላው ይወድቃል። በተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው የተውሶ አድራሻ ነው። ሒሳቡን የሚከፍተው ሰው «ባንኩ ያለበት አገር አድራሻ ብሰጥ ይሻላል» ብሎ የጓደኛውን ቤት ወይም የሆቴሉን ስም ይጽፋል። አይሻልም! ነዋሪ ያልሆነ ሒሳብ እየጠየቃችሁ የነዋሪ አድራሻ ስትሰጡ፣ መርማሪው በአንድ ገጽ ላይ ሁለት የተለያየ ታሪክ ያነባል። አንዲት የማውቃት ሴት የሆቴል አድራሻ ሰጥታ ሒሳቡ ተከፈተላት። ካርዱ ወደ ሆቴሉ ሲላክ እሷ ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። ፖስታው «ተቀባይ የለም» ተብሎ ለባንኩ ተመለሰ፣ በተመለሰ በሳምንቱ ሒሳቡ ታገደ። ውስጡ የነበረው የቤት ኪራይ ቀብድ ነበር። ለማስለቀቅ ሦስት ወር ፈጀባት፤ ቤቱን ሌላ ሰው ተከራየው። መኖሪያችሁ የት እንደሆነ እውነቱን ጻፉ። ፎርሙ ለብቻው «የፖስታ መላኪያ አድራሻ» የሚል ቦታ ካለው የጓደኛችሁ ቤት እዚያ ይግባ፣ በጓደኛችሁ ፈቃድ።

ሁለተኛው የወረቀቱ ዕድሜ ነው። አብዛኛው ባንክ ከሦስት ወር ያልበለጠ ቢል ወይም የሒሳብ መግለጫ ይፈልጋል። ሰው የሚስተው ሦስቱ ወር የሚቆጠረው እናንተ ከላካችሁበት ቀን ሳይሆን መርማሪው ከከፈተበት ቀን ሊሆን እንደሚችል ነው። አንድ ልጅ የአሥራ አንድ ሳምንት ዕድሜ ያለው የመብራት ቢል ይዞ «ገና ነው፣ ይደርሳል» አለኝ። ወረፋው ሦስት ሳምንት ነበር። ከሠላሳ ቀን በላይ የሆነውን አትላኩ፤ ቀኑም በሰነዱ ላይ በግልጽ የታተመ መሆን አለበት።

ሦስተኛው የሰነዱ ዓይነት ነው። የሞባይል ስልክ ቢል ብዙ ቦታ አይቀበሉትም፤ የመብራት፣ የውሃ፣ የባንክ ስቴትመንት ወይም የግብር ደብዳቤ ግን ይቀበላሉ። ቢሉ በአከራዩ ወይም በባል ስም ከሆነ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው አሁን ካለው ባንካችሁ ማህተምና ፊርማ ያለበት፣ ስምና አድራሻ የሚጠቅስ ደብዳቤ ማስጻፍ ነው። ይህ ደብዳቤ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ሰው ሲያሳልፍ አይቻለሁ።

አራተኛው በጣም የሚያናድደኝ ነው፦ የተቆረጠ ስክሪንሾት። ሰው ከስልኩ ላይ አድራሻው ያለበትን ክፍል ብቻ ቆርጦ ይልካል፣ ከዚያ «ለምን ተመለሰ» ይላል። አራቱም የገጹ ማዕዘን መታየት አለበት። ገጹ ሦስት ከሆነ ሦስቱም፣ ባዶው ገጽ ሳይቀር። ከባንካችሁ ወይም ከመብራት ኃይሉ ድረ ገጽ ሙሉውን ፒዲኤፍ አውርዱና እሱን ላኩ። በፒዲኤፉ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አታርሙ! የታረመ ሰነድ ከተገኘ ጉዳዩ «ያልተሟላ» መሆኑ ቀርቶ «ሐሰተኛ» ይሆናል፤ ያን ደግሞ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው አናስተካክለውም።

አምስተኛው የፊደልና የቁጥር ልዩነት ነው። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተመልሶበት መጣ። ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም በስሙ፣ ሁሉም ሙሉ ገጽ። ቢሉንና ስቴትመንቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ በስክሪብቶ ጫፍ መስመር በመስመር ስከተል ሦስተኛው መስመር ላይ ስክሪብቶው ቆመ፤ ቢሉ ላይ የቤት ቁጥሩ 14፣ ስቴትመንቱ ላይ 41። ከስድስት ዓመት በፊት የራሱ ባንክ ሠራተኛ አገላብጦ የጻፈውን ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም። እሱም ፎርሙን የሞላው ስቴትመንቱን እያየ ነበር። መጀመሪያ አገሩ ባለው ባንክ ቁጥሩ ተስተካከለ፣ አዲስ ስቴትመንት ወጣ፣ አራተኛው ማመልከቻ በአምስት ቀን አለፈ። እናንተም ከመላካችሁ በፊት ይህንኑ አድርጉ። ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በጣት እየተከተላችሁ አንብቡ፤ የመንገዱ ስም በአንዱ በምህጻር፣ በሌላው በሙሉ ከተጻፈም ፎርሙ ላይ በማስረጃው አጻጻፍ ሙሉት።

ስድስተኛው ትርጉምና አፖስቲል ነው፤ አፖስቲል ማለት ሰነዱ ውጭ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚያያዝበት የመንግሥት ማረጋገጫ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1961 በሄግ የተፈረመው ስምምነት፣ የአንዱን አባል አገር ሰነድ በሌላው አባል አገር ለማረጋገጥ አንድ አፖስቲል ይበቃል ይላል። ከሁለቱ አገሮች አንዱ እንኳ አባል ካልሆነ አፖስቲሉ አይሠራም፤ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲ በኩል ያለውን ረጅሙን መንገድ መሄድ ግድ ነው። ቅደም ተከተሉንም ባንኩን ጠይቁ። መጀመሪያ አስተርጉሞ ቀጥሎ አፖስቲል ያስመታ ሰው አውቃለሁ፤ አፖስቲሉ ራሱ ሳይተረጎም ቀረና ተመለሰ። ለአስተርጓሚው የፓስፖርቱን ቅጂ ስጡት፣ ስሙን እንደሰማው ሳይሆን እዚያ እንደተጻፈው እንዲያስገባው።

ምልክት፦ «የግብር መግለጫዎ አልተሟላም»

ምክንያት፦ «የግብር ነዋሪነት» የሚለው ጥያቄ ዜግነት ወይም ባንኩ ያለበት አገር ይመስላችኋል። አይደለም፤ በአገሩ ሕግ መሠረት በነዋሪነት ግብር የሚከፈልበት አገር ነው። ኦኢሲዲ የተባለው የአገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሲአርኤስ በሚባለው አሠራር፣ ከ100 በላይ አገሮችና ግዛቶች የውጭ ሰዎችን የሒሳብ መረጃ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ የመጀመሪያው ልውውጥ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ባንኩ ይህን መረጃ የሚያስተላልፈው እናንተ ፈርማችሁ በሰጣችሁት ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው።

መፍትሄ፦ የምትኖሩበትን አገርና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁን ጻፉ። ሁለት አገሮች በነዋሪነት የሚያዩአችሁ ከሆነ ሁለቱንም። አገሩ ቁጥር የማይሰጥ ከሆነ ምክንያቱ የሚመረጥበት ቦታ ፎርሙ ላይ አለ፤ ባዶ አትተዉት፣ ዜሮም አትደርድሩበት። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የትም ቢኖር ይህንኑ መግለጽ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ፋትካ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንኮች እንዲጠይቁ ያደረጋቸው እሱን ነው። እዚያ ተወልዳችሁ ዜግነቱን የተዋችሁ ከሆነ የተዋችሁበትን ማስረጃ ይጠይቋችኋል።

መረጃው እንዳይተላለፍ ብላችሁ ሌላ አገር አትጻፉ። የአድራሻ ማስረጃችሁ ያጋልጣችኋል፤ ፊርማችሁም ከሥሩ አለ።

ምልክት፦ «ስለ ገንዘቡ ምንጭ ተጨማሪ ማብራሪያ ይላኩ»

ምክንያት፦ «ቁጠባ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ቁጠባ ገንዘቡ የተቀመጠበትን እንጂ የመጣበትን አይናገርም።

መፍትሄ፦ ደመወዝ ከሆነ የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀትና ደመወዙ ሲገባ የሚያሳይ ስቴትመንት፤ የተሸጠ ቤት ከሆነ የሽያጭ ውሉ፤ ውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት ወይም የውርስ ሰነዱ። ባንኩ ሁለት የተለያየ ነገር ሊጠይቅ እንደሚችል እወቁ፦ አንዱ አሁን የምታስገቡት ገንዘብ ከየት እንደመጣ፣ ሌላው በጠቅላላው ሀብታችሁ እንዴት እንደተገኘ። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሁለተኛውን መልስ መስጠት ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። የመጀመሪያውን ገንዘብ በራሳችሁ ስም ካለ ሒሳብ ላኩ። ወንድም ይልክልኛል ብላችሁ አትጀምሩ።

ምልክት፦ ምክንያት የሌለው እምቢታ

«ማመልከቻዎን ልንቀበል አልቻልንም» ብቻ የሚል ደብዳቤ ነው። አንዳንዴ ባንኩ ያን ዓይነት ደንበኛ ላለመያዝ ስለወሰነ ይሆናል። ጥርጣሬውን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አሳውቆም ከሆነ፣ ማሳወቁን ለእናንተ መንገር በሕግ ይከለከላል። ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ መጮህ ለሁለቱም አይረዳም። የባሰው ደግሞ ተናዶ በአንድ ሳምንት አምስት ባንክ ላይ፣ በእያንዳንዱ ጥቂት እየቀየሩ መሙላት ነው።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በሕጋዊነት የምትኖሩ ከሆነ ግን መብት አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የክፍያ ሒሳቦች መመሪያ፣ በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊነት የሚኖር ሰው ጥገኝነት ጠያቂም ሆነ ቋሚ አድራሻ የሌለው ቢሆን መሠረታዊ ሒሳብ እንዲከፈትለት ያዛል። «በኅብረቱ ውስጥ» የሚለውን ልብ በሉ፦ ፈረንሳይ የሚኖር ሰው ጀርመን ውስጥ መጠየቅ ይችላል፤ አገሮች እዚያ ሒሳቡን በእውነት የሚፈልግበትን ጉዳይ እንዲያሳይ ሊጠይቁት ቢችሉም። ማመልከቻው ከተሟላ ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈት ወይም እምቢ ማለት አለበት፤ እምቢ ካለም ሕግ ካልከለከለው በቀር ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ስትጠይቁ «መሠረታዊ የክፍያ ሒሳብ» ብላችሁ በስሙ ጥሩት። በስሙ ካልጠራችሁት ተራውን ፎርም ይሰጧችኋል።

ምልክት፦ የሌላችሁን ቁጥር ይጠይቃል

ፖርቱጋል ኤንአይኤፍ የሚባለውን የግብር ቁጥር ይጠይቃሉ፤ መጀመሪያ እሱን አውጡ። የኢስቶኒያ ኢ-ሬዚደንሲ፣ እ.ኤ.አ. ከታህሳስ 2014 ጀምሮ ለውጭ ሰዎች የሚሰጠው ዲጂታል መታወቂያ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ባንክ ሒሳብ እንዲከፍትላችሁም አያስገድድም። ካርዱን ይዞ «አሁን ነዋሪ ነኝ» ብሎ ፎርም የሞላ ሰው በሐሰት መረጃ ነው የተመለሰው።

ምልክት፦ ሒሳቡ ከተከፈተ በኋላ ይቆለፋል

ብዙ ጊዜ ፓስፖርት አድሳችሁ አዲሱን ቁጥር ስላላሳወቃችሁ፣ ወይም ሒሳቡ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ስለቆየ ነው። ከሁሉም የሚከፋው የስልክ ቁጥር ነው። ጉብኝት ላይ በገዛችሁት ጊዜያዊ ሲም ሒሳብ ከፍታችሁ ከወጣችሁ፣ ቁጥሩ ይዘጋል፣ የማረጋገጫው ኮድም አይደርሳችሁም፤ ቁጥሩን ለመቀየር ደግሞ ያው ኮድ ይጠየቃል። ሁልጊዜ በእጃችሁ የሚቆየውን ቁጥር፣ ከአገሩ ኮድ ጋር፣ ከመጀመሪያው ቀን አስመዝግቡ።

ሒሳብ በሌላ ሰው ስም «የሚያስከፍት» ወይም የተከፈተ ሒሳብ የሚሸጥ ሰው ካገኛችሁ ራቁት። በዚያ ሒሳብ የሌላ ሰው የተሰረቀ ገንዘብ ካለፈ የሚጠየቀው ስሙ የተጻፈበት ሰው ነው። የእናንተን ሒሳብም ለሦስት ቀን እንኳ ቢሆን ለማንም አታከራዩ።

በመተግበሪያ ብቻ በደቂቃዎች የሚከፈተው ሒሳብ ሲያልፍላችሁ ደግሞ ፈቃዱ የባንክ ይሁን የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ተቋም አንብቡ። በሁለተኛው ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ለብቻው ተለይቶ መያዝ አለበት እንጂ፣ በባንክ እንዳለ ተቀማጭ በዋስትና አይሸፈንም። ለዕለት ወጪ ይጠቅማል፤ የቤት ሽያጭ ገንዘብ ግን እዚያ አታሳድሩ።