የድመት ግልገል ጆሮ ሲያጸዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ንጹሕ ጆሮ ማጽዳት ነው። ጤነኛ ድመት ጆሮዋን ራሷ ትጠብቃለች። ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ፣ ካልሸተተና ትንሽ ኩክ ብቻ ካለበት ይተዉት። በየሳምንቱ ገለጥ አድርጎ ማየት ጥሩ ነው፤ በየሳምንቱ ማጠብ ግን ነገር ፍለጋ ነው፣ ቆዳው ይቆጣል። በነገራችን ላይ፣ በጆሮዋ ውጫዊ ጠርዝ ግርጌ ትንሽ ኪስ የመሰለች እጥፋት ካዩ አይደንግጡ። አፈጣጠሯ ነው።

የባሰው ደግሞ ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ጆሮዋ ውስጥ መክተት ነው። የድመት የጆሮ ቱቦ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ታምቡሩ ያለው ከእጥፋቱ ወዲያ ነው። ጥጡ ላይ ቡናማ ነገር ሲያዩ የጸዳ ይመስልዎታል፤ የቀረው ኩክ ግን ወደ ታች ተጠቅጥቋል። ግልገሏ ድንገት ራሷን ብታወራጭስ? ታምቡሯ ሊበሳ ይችላል። ጥጥ ወይም ጎዝ ጣትዎ ላይ ጠቅልለው፣ ጣትዎ ያለ ግፊት የሚደርስበትን ብቻ ይጥረጉ። ይበቃል።

ቤት ያለውን ፈሳሽ ሁሉ መሞከርም አለ። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያቃጥሏታል። ኮምጣጤም ቢሆን ለተቆጣ ጆሮ አይሆንም። ቲ ትሪ ከሚባለው ተክል የሚወጣው ዘይት ለድመት መርዝ ነው። ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ያለበት የውሻ መድኃኒት ደግሞ ሊገድላት ይችላል። ለድመት የተሠራ የጆሮ ማጽጃ ይጠቀሙ፤ ለስንት ወር ግልገል እንደሚሆንም ጽሑፉን ያንብቡ።

ማጽጃውን እንደቀዘቀዘ ጠብ ማድረግም ያስደነግጣታል። ጠርሙሱን በእጅዎ ይዘው ለብ ያድርጉት። ግልገሏን በፎጣ ጠቅልለው፣ የጠርሙሱ አፍ ጆሮዋን ሳይነካ ጠብ ጠብ ያድርጉና የጆሮዋን ሥር በቀስታ ይሹት። ጨቅ ጨቅ የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ከዚያ ይልቀቋት፣ ራሷን ታራግፍ። ወደ ላይ የወጣውን ይጥረጉ። ለእያንዳንዱ ጆሮ አዲስ ጥጥ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን በጆሮ ተባይ ነው። ግልገሏ ጆሮዋን እያከከች ውስጡ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ፍርፋሪ ካለ፣ ይህ ተራ ቆሻሻ ላይሆን ይችላል። በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ተባዮች ያመጡት ከሆነ በማጽዳት ብቻ አይለቃትም። ሐኪም ጋ ከመሄድዎ በፊት አያጽዱት፤ ሐኪሙ ያንን ፍርፋሪ በማይክሮስኮፕ ማየት አለበት። ተባዩ ከእንቁላል ተነስቶ እስኪያድግ 3 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ማከኳን ተወች ብለው መድኃኒቱን ቢያቋርጡ፣ የተረፈው እንቁላል እንደገና ይፈለፈላል። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ወይም ውሻ ካለ አብሮ ይታከም፤ አለበለዚያ እርስ በርስ ይቀባበሉታል።

ግልገሏ ራሷን ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች፣ ስትራመድ ከተንገዳገደች፣ መግል ወይም ደም ካዩ፣ ወይም ጆሮዋን ሲነኳት ከጮኸች ማጽጃውን ያስቀምጡት። ታምቡሯ ተበስቶ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ መስማቷንም ሚዛኗንም ሊጎዳ ይችላል። በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይያት።