ነዳጅ ቆጣቢ ቴክኖሎጂ የሚሠራ ጀማሪ ኩባንያ አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት

ብዙ ዓመት የሠራሁት የሞተር መፈተሻ ክፍል ውስጥ ነው። ሞተሩን ዳይናሞሜትር ላይ እናስራለን፤ ምን ያህል ነዳጅ በልቶ ምን ያህል ጉልበት እንደሰጠ እንለካለን። ወዳጆቼ ይህን ስለሚያውቁ፣ ነዳጅ ቆጣቢ ቴክኖሎጂ እሠራለሁ የሚል ጀማሪ ኩባንያ አክሲዮን ግዙ ሲላቸው ሰነዱን ይልኩልኛል። ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «ይሄ ነገር ይሠራል?» እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቁጠባውን ማን ለካው? በምን ለካው? ቢሠራስ ማን ይገዛዋል?

ከዘርፉ ላስሸሻችሁ ፈልጌ አይደለም። ከባድ መኪኖች ከሚያቃጥሉት ነዳጅ ውስጥ አምስት በመቶ እንኳ ማስቀረት ትልቅ ሥራ ነው። ይህን በትጋት የሚሠሩ ጎበዝ መሐንዲሶች አሉ፤ ገንዘብም በጣም ያስፈልጋቸዋል። የሚያንገበግበኝ ያ ገንዘብ ነዳጅ ይቆጥባሉ ወደሚባሉ ማግኔትና ክኒን ሲሄድ ነው።

ጣሪያውን እወቁ

የተለመደ የቤንዚን መኪና ከነዳጁ ጉልበት ውስጥ ጎማው ላይ የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። የቀረው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ይወጣል። ሻጮች ይህን ቁጥር ይወዱታል። «ሦስት አራተኛው እየባከነ ነው፤ የእኛ መሣሪያ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ያቃጥለዋል» ይላሉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዘመናዊ ሞተር የገባለትን ነዳጅ 97 በመቶና ከዚያ በላይ ያቃጥላል። የሚባክነው ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ ሳይሆን ተቃጥሎ የተገኘው ሙቀት ነው። ስለዚህ «የተሟላ ቃጠሎ» የሚል ተስፋ ቢበዛ ሁለት ሦስት በመቶ ነው የሚያስገኘው። ሠላሳ በመቶ እቆጥባለሁ ካለ፣ ከየት እንዳመጣው ማስረዳት አለበት።

ከውሃ ጋዝ አወጣለሁ የሚለውም እንደዚሁ ነው። መኪናው ላይ ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ያወጣና ወደ ሞተሩ ያስገባል። ሒሳቡን በወረቀት አብረን እንሥራው። ከ100 የነዳጅ ጉልበት ሞተሩ 30 ያህሉን ወደ እንቅስቃሴ ይቀይራል። ዲናሞው ያንን ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀይር 18 ገደማ ይቀራል። ውሃውን መክፈል ሌላ ይበላና 12 ገደማ ይተርፋል። ያ ጋዝ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ደግሞ ከ4 በታች ይመልሳል። 30 ከፍሎ 4 መቀበል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የአሜሪካ ኦሃዮ ፍርድ ቤት በውሃ የሚሄድ መኪና ሠርቻለሁ ያለውን ስታንሊ ሜየርን በከባድ ማጭበርበር ጥፋተኛ ብሎ፣ የሁለት ባለሀብቶችን 25,000 ዶላር እንዲመልስ አዝዞታል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ካለፈው ክፍለ ዘመን ሰባዎቹ ጀምሮ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ መሣሪያዎችንና ተጨማሪ ፈሳሾችን መርምሯል። የጎላ ቁጠባ ያመጣ አላገኘም። ከጥቂቶቹ ትንሽ ቁጠባ ቢያገኝም፣ ከእነዚያ ውስጥ የጭሱን ብክለት የጨመሩ አሉ። ሪፖርቶቹ ለማንም ክፍት ናቸው። የቀረበላችሁ ሐሳብ ከእነዚያ ከአንዱ ጋር ቢመሳሰል ለሻጩ አሳዩትና «የእናንተ በምን ይለያል?» በሉት።

ደህና ኩባንያ የትኛውን ብክነት እንደሚያጠቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራችኋል። የነፋስ ግፊት ነው? የጎማ መንከባለል ነው? ቆሞ የሚሠራ ሞተር ነው? ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋው ጉልበት ነው? ለምሳሌ ቱላ ቴክኖሎጂ የሚባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ2008 ተመሠረተ። ያነጣጠረው ሞተር በቀላል ጭነት ሲሄድ አየር ለመሳብ በሚያባክነው ጉልበት ላይ ነው። ሶፍትዌሩ በየቅጽበቱ የትኛው ሲሊንደር ይቀጣጠል፣ የትኛው ይለፍ ብሎ ይወስናል። የሚሠሩት ሲሊንደሮች ሸክሙን ስለሚሸከሙ በተሻለ ብቃት ይሠራሉ። አስማት የለበትም፤ ማንኛውም የሞተር መሐንዲስ ሰምቶ «አዎ፣ እዚያ ብክነት አለ» ይላል። ጀነራል ሞተርስ ይህን በ2019 ሞዴል ሲልቨራዶ ፒክአፕ ላይ አወጣው።

ልኬቱ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና።

አንድ ወዳጄ መሣሪያው ሲታይ አብሬው እንድገኝ ጠይቆኝ ሄድኩ። መኪናው ተነዳ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፍጆታ ቁጥር ቁልቁል ወረደ፤ ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ዳሽቦርዱ ነዳጅ አይመዝንም። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደቆየ ቆጥሮ ያሰላል እንጂ። የነዳጁን ግፊት ከፍ ብታደርጉት፣ ኢንጀክተሩ ለአጭር ጊዜ ተከፍቶም ያንኑ ነዳጅ ይረጫል። ነዳጁ አልቀነሰም፤ ቁጥሩ ግን ይወርዳል። መሪ የያዘው ሰው ደግሞ የኩባንያው ሰው ነበር። ቁጠባ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ሳያስበውም ቢሆን ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ቀድሞ እግሩን ያነሳል። የአነዳድ ለውጥ ብቻውን ከብዙ መሣሪያ በላይ ይቆጥባል። ወዳጄን «ነዳጁን ሚዛን ላይ አስቀምጠው ያሳዩህ» አልኩት።

ትክክለኛው መንገድ የታወቀ ነው። ለከባድ መኪና ኤስኤኢ ጄ1321 የሚባል የሙከራ ደንብ አለ። ሁለት ተመሳሳይ መኪኖች አብረው አንድ መንገድ ይሄዳሉ። አንደኛው መሣሪያው ይገጠምለታል፤ ሌላው እስከ መጨረሻው ሳይነካ ለማነጻጸሪያ ይቆያል። ነዳጁ ተነጥሎ በሚወጣ ታንከር ይሞላና ከጉዞ በፊትና በኋላ ይመዘናል። ጉዞው ይደጋገማል፤ ውጤቶቹ ካልተቀራረቡ አይያዙም። ሁለተኛው መኪና ለምን ያስፈልጋል? ነፋስ፣ ሙቀትና የመንገዱ እርጥበት በየቀኑ ይለያያሉ። ያለ እሱ ትናንትና ዛሬን ስታነጻጽሩ የምትለኩት የአየሩን ጠባይ ሊሆን ይችላል። ለትናንሽ መኪኖች ደግሞ ሙከራው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሮለር ላይ፣ በታወቀ የፍጥነት ዑደት ይካሄዳል። አውሮፓ ከ2017 ጀምሮ የምትጠቀምበት ደብሊውኤልቲፒ አንዱ ነው።

ስለዚህ ለኩባንያው በጽሑፍ ጠይቁ። ሙከራውን ያካሄደው የትኛው ላብራቶሪ ነው? የከፈለው ማነው? በየትኛው ደንብ? ስንት ጊዜ ተደገመ? የልኬቱ የስህተት መጠን ስንት ነው? ሁለት በመቶ ቁጠባ ተገኘ ብለው የስህተት መጠኑ ሦስት በመቶ ከሆነ ምንም አልተገኘም ማለት ነው። የጭስ ልኬትም አብሮ ይምጣ። ነዳጁን አሳንሶ አየሩን ማብዛት ፍጆታን ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ብክለት ሊጨምር ይችላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ደግሞ ለሽያጭ ፈቃድ አያገኝም። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ፣ ብክለትን ሊነካ የሚችል ተጨማሪ ዕቃ መኪና ላይ ለመሸጥ ከግዛቱ የአየር ጥራት ቦርድ ነጻ የሚያደርግ ትእዛዝ ያስፈልጋል።

ላብራቶሪውን ራሳችሁ አግኙት። የሪፖርቱን ቁጥር ስጡና የእናንተ ነው ወይ በሉ። ቀላል ነገር ነው፤ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው። «ምስጢር ስለሆነ ሪፖርቱን አናሳይም» ከተባላችሁ፣ የምስጢር ጥበቃ ስምምነት ፈርማችሁ ለማየት ጠይቁ። መሣሪያው ውስጡ ምስጢር ሊሆን ይችላል። ስንት ኪሎ ነዳጅ እንደተበላ ግን ምኑ ነው ምስጢሩ?

ስለ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አጭር ነገር። ፓተንት ሐሳቡ አዲስ መሆኑን እንጂ ነዳጅ መቆጠቡን አያረጋግጥም። የቀረበ ማመልከቻና የተሰጠ ፓተንት ይለያያሉ፤ በኤስፓስኔት ወይም በጉግል ፓተንትስ ድረ ገጽ በነጻ አጣሩ። ባለቤቱ ኩባንያው ነው ወይስ ፈጣሪው በግሉ? በግሉ ከሆነ ነገ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ፓተንት ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ የሚቆየው 20 ዓመት ነው፤ ስንቱ እንደቀረው ቁጠሩ።

ገዢው ማነው?

ሐቀኛ ቴክኖሎጂም ገንዘብ ያስጠፋል። ቶሮትራክ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1998 ለንደን ስቶክ ገበያ ገባ። የሠራው ማርሽ ደረጃ የሌለው፣ በሚሽከረከሩ ዲስኮች የሚሠራ እውነተኛ ምህንድስና ነበር፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም ፈቃድ ገዝተውታል። ሆኖም በብዛት ወደ መኪና ሳይገባ ዓመታት ነጎዱ፤ በ2017 ኩባንያው አበቃለት። ባለአክሲዮኖቹ ማንም አላጭበረበራቸውም። መኪና አምራቾች ግን የጠበቁትን ያህል አልገዙም።

ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። አምራች አዲስ ሞዴል ለማውጣት ዓመታት ይፈጅበታል። አዲስ ዕቃ አቅራቢ የጥራት ሥርዓቱን ማሳየት አለበት፤ የዘርፉ መለኪያ አይኤቲኤፍ 16949 ነው። ዕቃው በብርድም፣ በሙቀትም፣ በንዝረትም ይፈተናል። ቱላ እንኳ፣ ጀነራል ሞተርስና የመኪና ዕቃ አምራቹ ዴልፋይ ገንዘብ ያስገቡበት ሆኖ፣ ከምሥረታ እስከ መንገድ አሥር ዓመት ፈጅቶበታል። «በሚቀጥለው ዓመት ትልልቆቹ ሁሉ ይገዙናል» የሚል እቅድ ካያችሁ የጻፈው ሰው ዘርፉን አያውቅም።

ብዙ መኪና ላላቸው የትራንስፖርት ድርጅቶች መሸጥ ፈጠን ይላል። እዚያ ገዢው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወጪዬን በስንት ወር እመልሳለሁ? የመሣሪያው ዋጋ በየዓመቱ በሚቆጠበው የነዳጅ ዋጋ ሲካፈል ከሁለት ዓመት በላይ ከወጣ ሽያጩ ይከብዳል፤ እኔ በግሌ ብዙም አልገፋበትም። ነዳጅ ሲረክስስ? ስሌቱን በአሁኑ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ሲሶው ሲቀንስም ሥሩት። ወደ ኤሌክትሪክ የሚደረገውንም ሽግግር አትርሱ። ለቤት መኪና ሞተር ብቻ የሚሆን ነገር ገበያው እየጠበበ ነው። የነፋስ ግፊትንና የጎማን ብክነት የሚቀንስ ግን ለኤሌክትሪክ መኪናም ያገለግላል፤ እኔ ይህን አስቀድማለሁ።

የደንበኛ ዝርዝር ሲቀርብላችሁ «ፍላጎት ያሳዩ»፣ «እየሞከሩ ያሉ» እና «ከፍለው ያዘዙ» ብላችሁ ለዩት። ኤክስኤል ፍሊት የሚባለው ቫኖችን ወደ ሃይብሪድ የሚቀይር ኩባንያ በ2020 መጨረሻ ስቶክ ገበያ ገባ። በኋላ የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን፣ ይጠበቃል ብሎ ለባለሀብቶች የገለጸው ሽያጭ አሳሳች ነበር ብሎ ከሰሰው፤ በ2023 ኩባንያው 11 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከከፈሉት ደንበኞች ሁለቱን ራሳችሁ ደውላችሁ አናግሩ። «ደግማችሁ አዘዛችሁ?» በሏቸው። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

ወረቀቱ

ቴክኖሎጂው ቢያጠግባችሁም ወረቀቱ ሊያስርባችሁ ይችላል። መጀመሪያ ሽያጩ ሕጋዊ ነው ወይ? አውስትራሊያ ውስጥ ፋየርፓወር የሚባል ኩባንያ ነዳጅ የሚቆጥብ ክኒን አለኝ ብሎ ወደ 100 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሰበሰበ። ስፖርት ክለቦችን ስፖንሰር ያደርግ ነበር፤ አክሲዮኑን ግን ሕጉ የሚጠይቀውን መግለጫ ሳያወጣ ነበር የሚሸጠው። በ2008 ወደቀ። በምትኖሩበት አገር የገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ኩባንያውንም ሻጩንም ፈልጉ።

ቀጥሎ ድርሻችሁ እንዴት እንደሚሳሳ አስሉ። ዛሬ 1 በመቶ ገዛችሁ እንበል። ኩባንያው ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ገንዘብ ሲያሰባስብ በየጊዜው ለአዲሶቹ 20 በመቶ ከሰጠ፣ የእናንተ 0.51 በመቶ ይሆናል። አሁን ኩባንያው በ20 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የኋለኞቹ ባለሀብቶች ቅድሚያ ያለው አክሲዮን ይዘው መጀመሪያ 15 ሚሊዮኑን ከወሰዱ፣ የሚቀረው 5 ሚሊዮን ነው፤ ውሉ ከፈቀደላቸው ከዚያም እንደ ድርሻቸው ይካፈሏችኋል። 100,000 ገደማ የጠበቃችሁት ሰዎች 25,000 ገደማ ካገኛችሁ እድለኞች ናችሁ። ስለዚህ ቅድሚያ የማን እንደሆነ ከውሉ ላይ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ለጠበቃ ክፈሉ።

ካዝናቸው ውስጥ ያለውን ገንዘብ በወር ወጪያቸው አካፍሉ። ስድስት ወር ብቻ ከቀራቸው የእናንተ ገንዘብ ፈጠራውን አያራምድም፤ ደመወዝ ይከፍላል። የኦዲተሩን ማስታወሻም እስከ መጨረሻው አንብቡ። «ሥራውን የመቀጠል አቅሙ አጠራጣሪ ነው» የሚለው ሐረግ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ማንም በማይከፍተው ገጽ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ኩባንያ ካገኛችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ብታጡት ኑሯችሁን የማያናጋ ገንዘብ ብቻ አስገቡ። ለአሥር ዓመት እንደማታወጡትም አስቡ፤ ስቶክ ገበያ ላይ ላልወጣ አክሲዮን ገዢ ማግኘት ከባድ ነው። ከተቻለ ገንዘቡን ከፋፍላችሁ ስጡ፦ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ገለልተኛው ላብራቶሪ ውጤቱን ሲያወጣ። ውሉ ላይ በየሩብ ዓመቱ የሙከራ ውጤትና የካዝና ሂሳብ እንዲላክላችሁ አስጽፉ።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፉላቸው። የሙከራ ሪፖርቱን፣ የፓተንቱን ቁጥር፣ ከፍለው የገዙ ደንበኞችን ስምና የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ። ጥሩ ቡድን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው ደስ ይለዋል፤ መሐንዲሱ ራሱ ደውሎ ሊያስረዳችሁ ይፈልጋል። በምላሹ የመጣው «ቦታው እስከ አርብ ይሞላል» የሚል ከሆነ፣ አርብ እስኪያልፍ ጠብቁና ያንኑ ደብዳቤ ደግማችሁ ላኩ።