ከማውስ ወደ ፔን ታብሌት፦ መጀመሪያ ሴቲንጉ፣ ከዚያ እጁ

ለዓመታት በማውስ ሲስል የኖረ ሰው ፔን ታብሌት (በብዕር ሲስሉበት ሥዕሉ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የሚወጣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ) በገዛ በመጀመሪያው ቀን ከማውሱ የባሰ መስመር ሲወጣለት ወይ ዕቃው የተበላሸ፣ ወይ እሱ ራሱ ለሥዕል ያልተፈጠረ ይመስለዋል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የኅትመትና የማስታወቂያ ቤት ስሠራ ሎጎውንም ባነሩንም በማውስ ነጥብ በነጥብ እየለቀምኩ አራት ዓመት ካሳለፍኩ በኋላ ታብሌት ስይዝ የገጠመኝ ይኸው ነበር። የምስለው ክብ ሁሉ ወደ ጎን እየተለጠጠ እንቁላል ሲሆንብኝ አንድ ሳምንት ሙሉ እጄን ስወቅስ ከረምኩ፤ ለካ ላፕቶፑ ላይ ሁለተኛ ስክሪን ተሰክቶ ስለነበር ታብሌቱ ለሁለቱም ስክሪኖች ተከፋፍሎ ኖሯል። ብዙ ሰው ታብሌቱን አሽጎ ወደ ማውሱ የሚመለሰው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው ብዬ ስለማምን ከልምምዱ በፊት ስለ ማስተካከያው እጽፋለሁ።

በማውስና በብዕር መካከል ያለውን ዋና ልዩነት መረዳት ይቀድማል። ማውስን ከጠረጴዛው አንስተው ሌላ ቦታ ቢያሳርፉት በስክሪኑ ላይ ያለው ጠቋሚ ከነበረበት አይነቃነቅም። ብዕሩ ግን እንደዚያ አይሠራም፤ የታብሌቱ ገጽ የስክሪኑ ካርታ ነው፤ የታብሌቱን ግራ የላይኛ ጥግ ሲነኩ ጠቋሚው በስክሪኑ ግራ የላይኛ ጥግ ላይ ይገኛል፣ መሀሉን ሲነኩ መሀል ላይ ይገኛል። ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያግባባው ፕሮግራም፣ በድራይቨሩ ውስጥ፣ ብዕሩን እንደ ማውስ የሚያሠራ ምርጫ አለ፤ ለጀማሪ የሚቀል ቢመስልም እጅ የስክሪኑን ቦታ በልቡ እንዳይዝ ስለሚያደርግ እንዲመርጡት አልመክርም።

ስለ ግዢው ብዙ አልልም። ዋኮም፣ ሁዮንና ኤክስፒ ፔን የታወቁ ስሞች ናቸው፤ ለጀማሪ የራሱ ስክሪን የሌለው ታብሌት ይበቃል። ትንሾቹ 15 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መካከለኞቹ 25 በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የመሥሪያ ስፋት አላቸው፤ አቅም ከፈቀደ መካከለኛው ይሻላል፤ ምክንያቱም ትንሹ ላይ ክንድ የሚንቀሳቀስበት ቦታ አይኖርም። በካርቶኑ ላይ 2048፣ 4096 ወይም 8192 ተብሎ የሚጻፈው ብዕሩ የሚለየው የጫና ደረጃ ሲሆን፣ በእጅ የሚታወቅ ልዩነት እምብዛም ስለሌለው ለቁጥሩ ብቻ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ይልቅ ብዕሩ ባትሪ የማይፈልግ መሆኑን ያረጋግጡ። በእነዚህ ታብሌቶች ገጽ ሥር የተዘረጋው የሽቦ መረብ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ይለቃል፤ በብዕሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ከዚያው ኃይል ተቀብሎ ምልክቱን ይመልሳል። ታብሌቱም ኃይል የሚያገኘው በዩኤስቢ ገመዱ በኩል ስለሆነ መብራት ቢጠፋ እንኳ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ሥራው አይቋረጥም። ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱና ገንዘቡን ሳይከፍሉ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ መስመር ይሳሉበት፤ መስመሩ የሚቆራረጥበት ቦታ ካለ ይተውት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ የሌላ ታብሌት ድራይቨር በኮምፒውተሩ ላይ ካለ ያጥፉት፤ ሁለት ድራይቨሮች ሲጋጩ ብዕሩ ጠቋሚውን እያንቀሳቀሰ ጫናውን ግን አይለይም። ከዚያ የራሱን ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርደው ይጫኑና ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉት። በዊንዶውስ ላይ ብዕሩን ጫን አድርገው ሲቆዩ ትንሽ ክብ ቀለበት እየታየ መስመሩን የሚያዘገይ ከሆነ፣ በፔን ኤንድ ተች ሴቲንግ ውስጥ ተጭኖ መቆየትን ወደ ራይት ክሊክ የሚለውጠውን ምርጫ ያጥፉ። በነጻ በሚገኘው የሥዕል ፕሮግራም በክሪታ ላይ ደግሞ መስመሩ አንድ ዓይነት ውፍረት ብቻ ካለው ታብሌት ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው ፕሮግራሙ የብዕሩን ምልክት በሚቀበልባቸው ሁለት መንገዶች፣ በዊንታብና በዊንዶውስ ኢንክ መካከል ያለውን ምርጫ ይቀያይሩና ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ላይ ይፈታል።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ። በድራይቨሩ ውስጥ ታብሌቱ የሚወክለው የሚስሉበትን አንድ ስክሪን ብቻ መሆኑን ይምረጡ። ቀጥሎ የሁለቱን ቅርጽ ያመጣጥኑ፤ ብዙዎቹ ታብሌቶች በወርድና በቁመት 16 ለ10፣ ብዙዎቹ ስክሪኖች ደግሞ 16 ለ9 ስለሆኑ ሳይመጣጠኑ ከቀሩ ክብ ሁሉ በትንሹ ጠፍጠፍ ይላል። የሚያመጣጥነውን ምርጫ ሲጫኑ ከታብሌቱ ግርጌ ቀጭን ክፍል ከሥራ ውጭ ይሆናል፤ ይህ ኪሳራ አይደለም። መስተካከሉን ለማረጋገጥ አንድ የቡና ስኒ በታብሌቱ ላይ ደፍተው ዙሪያውን በብዕሩ ይከተሉ፤ በስክሪኑ ላይ የወጣው ክብ ከሆነ ሥራው አልቋል።

ጫናውም እንደ እጅዎ መስተካከል አለበት። የሁሉም ሰው እጅ እኩል አይጫንም፤ ማውስ የለመደ ሰው ደግሞ ክሊክ ማድረግ ስለለመደ ብዕሩን ከሚገባው በላይ ይጫናል። በክሪታ ታብሌት ሴቲንግስ ውስጥ ያለውን የጫና ኩርባ መሀሉን ይዘው ትንሽ ወደ ላይ ቢያነሱት ለቀላል ንክኪ ወፍራም መስመር ይሰጣል፤ ወደ ታች ቢያወርዱት ደግሞ ይበልጥ ካልተጫኑ አይወፍርም። እጅዎ የሚደክም ከሆነ ወደ ላይ ያንሱት።

ከዚህ በኋላ ማውሱን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፋይል መክፈቱንም፣ ኢንተርኔት ማየቱንም በብዕሩ ያድርጉት፤ ዓይን ስክሪን ላይ፣ እጅ ጠረጴዛ ላይ ሆነው መስማማትን የሚማሩት በሥዕል ሰዓት ብቻ አይደለም። ብዕሩ ገጹን ሳይነካ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎም ጠቋሚውን እንደሚያንቀሳቅስ ልብ ይበሉ፤ መስመር ከመጀመርዎ በፊት በዚህ ከፍታ ቦታውን ያግኙ፣ ከዚያ ያሳርፉ።

ለልምምድ ከሁሉ የረዳኝ ፊደል ነው። እጃችን ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቀው ቅርጽ ስለሆነ ሐሳባችን ሁሉ በመስመሩ ላይ ያርፋል። «ለ»ን በትልቁ ይጻፉ፤ ሁለቱን እግሮች ጫን፣ አናቱ ላይ የሚያገናኛቸውን መስመር ለቀቅ አድርገው። «ዐ»ን በአንድ ትንፋሽ ያዙሩት፣ «ተ»ን በሁለት ምት ያቋርጡት። በብራና ላይ በቁም ጽሕፈት ቀጭንና ወፍራም የሚለየው በመቃው አቆራረጥና አያያዝ ሲሆን እዚህ ግን በጫና ነው፤ ዓይን የሚፈልገው ሚዛን ግን አንድ ነው። ፊደሉ ከመዳፍ የሚበልጥ ሲሆን ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከክርንና ከትከሻ ይንቀሳቀሱ፤ አንጓ ብቻ የሚሠራበት መስመር አጭርና ጎባጣ ይሆናል፣ ቆይቶም ሕመም ያመጣል።

እጅዎ ፊደሉን ሲለምድ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይውረዱና የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችን፣ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይምጡ። ለብዕር ልምምድ ከእነሱ የተሻለ ሞዴል አላውቅም፤ የጎበጠው ጀርባ አንድ ረጅም የትከሻ ምት ይፈልጋል፣ ወፍራሙ ምንቃር ከሥሩ ጀምሮ እየቀጠነ ይሄዳል፣ እግሮቹ ደግሞ እጅ ሳይከብድ የሚወጡ ረጃጅም ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። በማውስ ይህን ወፍ ስስል እያንዳንዱን እግር በብዙ ነጥቦች አስተካክል ነበር፤ በብዕር ግን አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ሲሰነዘር ጉልበቱ ላይ ትንሽ ጫን ማለት በቂ ነው። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ መንቀጥቀጡን የሚያለሰልሰውን የክሪታን ስታቢላይዘር በመጠኑ ይጠቀሙ፤ ከበዛ ጠቋሚው ከእጅ ኋላ እየቀረ ልምምዱን ያበላሸዋል።

ታብሌቱን ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ፤ ጠመም ብሎ ከተቀመጠ አግድም ያሉት መስመር ሁሉ ዘንበል ይላል። የሐዋሳ ሙቀት መዳፍን ስለሚያልብና እጅ በገጹ ላይ ስለሚጣበቅ፣ የሁለት ጣት ጓንት ካላገኙ የአሮጌ ጥጥ ካልሲ ጫፍ ቆርጠው ትንሿን ጣትና የመዳፉን ጎን ይሸፍኑበት። የብዕሩን ጫፍም በየጊዜው በጣትዎ ይዳስሱት፤ አንድ ጎኑ ተበልቶ ስለት ሲያወጣ ገጹን መቧጨር ስለሚጀምር፣ ከዕቃው ጋር በሚመጣው ትንሽ ቀለበት ቆንጥጠው ያውጡትና አዲሱን እስኪቆም ድረስ በቀስታ ይግፉት።