የሌሊት ተረኞችን እንቅልፍ የሚነሱ የአሠሪ ስህተቶች

በፋብሪካዎች የሥራ ደኅንነት ላይ ስሠራ ከኃላፊዎች ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ «ሠራተኞቻችን ሌሊት እያንቀላፉ አስቸገሩን» የሚል ነው። እኔም መልሼ «ቀን መቼ ይተኛሉ?» እላለሁ። የፈረቃ ድልድሉን ያወጣው ሰው ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም። ሠራተኛው የሚተኛበትን ሰዓት የሚወስነው ግን ያው ድልድል ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ስህተት ከሌሊት ፈረቃ የወጣን ሰው ለስብሰባ ማስቀረት ነው። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ንጋት 12 ሰዓት ሥራ የጨረሱ ልጆች እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲቆዩ ተደርገው የእሳት አደጋ መከላከል ሥልጠና ሲሰጣቸው አይቻለሁ። ግማሾቹ አንገታቸውን ደፍተው ተኝተዋል፤ አሠልጣኙ ይቆጣል፤ የመስመር ኃላፊዋ የተኙትን ስም ትመዘግባለች። ምን ተምረው ሊሄዱ ነው? ቀን የሚተኛ ሰው እንደ ወትሮው ቢሞክር እንኳ ሌሊት ከሚተኛው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ያነሰ ነው የሚያገኘው፤ የጠዋቱ ብርሃን ሰውነቱን ያነቃዋል፤ ረፋድ ላይ የቆርቆሮው ሙቀትና የሰፈሩ ጫጫታ ይጨመርበታል። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። የስብሰባው ሁለት ሰዓት የሚቀነሰው ከዚያችው ጎዶሎ እንቅልፍ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለስብሰባ የሚጠራው ማን ነው? ሥልጠናውን ፈረቃው ሲጀምር፣ በሥራ ሰዓት ስጡ። የሰው ሀብት ክፍላችሁም በሳምንት አንድ ቀን እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይክፈት፤ ለአንዲት የፈቃድ ወረቀት ብላ እንቅልፏን አቋርጣ ቀትር ላይ የምትመጣ ሠራተኛ ማየት ያሳዝናል።

ሁለተኛው ስህተት ፈረቃን ወደ ኋላ ማዞር ነው፦ ከሌሊት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ጠዋት። የሰውነታችን የውስጥ ሰዓት በአብዛኞቻችን ዘንድ ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም አምሽቶ መተኛት ከወትሮው ቀድሞ ከመተኛት ይቀለዋል። ስለዚህ ዙሩ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያም ወደ ሌሊት ይሂድ። ወደ ኋላ በሚዞር ድልድል ንጋት 12 ሰዓት የወጣ ሰው በዚያው ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ተመልሶ ሲገባ አይቻለሁ። በመካከሉ ያለው 8 ሰዓት ነው፤ መንገዱ፣ ምግቡና ልብስ አጠባው ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሁለት የሥራ ቀናት መካከል ቢያንስ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ያዛል፤ እኛም ያንን መለኪያ ብንይዝ መልካም ነው።

ድርብ ፈረቃ ማሠራት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ስምንት ሰዓት ሠርቶ ሌላ ስምንት የሚጨምር ሰው ከሕጉ ውጭ ነው ያለው። ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። የጠጣን ሠራተኛ ከማሽን የሚያግድ አለቃ ይህንንም ማገድ አለበት። ነፍሰ ጡር ሴትን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ደግሞ ጭራሹን የተከለከለ ነው።

ሳይጠይቁ ማስጠንቀቂያ መጻፍ። አንድ ጨርቅ ቆራጭ ተኝቶ በተደጋጋሚ ተገኘና ሊባረር ደረሰ። ስንጠይቀው አንዲቷን የኪራይ ክፍል የሚጋራቸው ጓደኞቹ በሌላ ፈረቃ ናቸው፤ እርሱ ሲጋደም እነርሱ ምግብ ያበስላሉ። ሁሉንም በአንድ ፈረቃ አደረግናቸው፤ ልጁ ዛሬም በሥራው ላይ ነው።

ቡናን ከፈረቃው ማብቂያ አጠገብ ማቅረብ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተጠጣ ቡና ካፌይኑ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከፈረቃው መጀመሪያ ላይ ይቅረብ።

ሸለብታን እንደ ወንጀል መቁጠር። ናሳ በረጅም በረራ አብራሪዎች ላይ ባደረገው ጥናት በተራ 40 ደቂቃ እንዲያርፉ የተፈቀደላቸው አብራሪዎች በአማካይ 26 ደቂቃ ተኝተው ካላረፉት ይልቅ ንቁ ሆነው ተገኝተዋል። የሌሊቱ የምግብ ዕረፍት ላይ ጸጥ ያለ ክፍልና 20 ደቂቃ በቂ ነው። የነቃውን ሰው ግን ወዲያው ወደ መቁረጫው አትመልሱት፤ ፊቱን ይታጠብ፣ ትንሽ ይራመድ።

የመጨረሻው ማንም የማያነሳው ነው፤ የሰርቪስ ሾፌሩ። የጠዋት ተረኞችን ለመሰብሰብ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል፤ የሌሊቶቹን ያደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይመለሳል፤ ምሽት 4 ሰዓት ላይ የሚወጡትን አድርሶ ቤቱ ሲገባ እኩለ ሌሊት ይቃረባል። በኮንትራት የሚሠራ ስለሆነ በፈረቃ ሰሌዳው ላይ ስሙ የለም። ውል ስትፈርሙ ለአንድ አውቶቡስ ሁለት ሾፌር ጠይቁ፤ ስማቸውንና የዕረፍት ሰዓታቸውንም ከሠራተኞቻችሁ ጋር በዚያው ሰሌዳ ላይ ጻፉ።